ክፉው ሰዓት እስኪያልፍ

ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። የብሔራዊ ቡድኑ አምስተኛ ወንበር በግጥሚያ ይለያል ይላል፤ እኔና የናግፑሯ ሻርቫሪ፣ አራት ጨዋታ፣ እዚሁ ቼናይ፣ ከኦክቶበር 7 ጀምሮ። ሁለት ለሁለት ከወጣን ወንበሩ በደረጃ ነጥብ ለምትበልጠው ይሰጣል። የምትበልጠው እሷ ናት። በአሥራ ሰባት ነጥብ።

ያ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ስቀመጥበት ሻርቫሪ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ለእማዬ ነገርኳት። ባሚያ እየከተፈች ነበር። "እሰይ! ከቤትሽ ሳትወጪ ነዋ የምትጫወቺው" አለች። "ሆቴል የለ፣ ባቡር የለ።" ሃያ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ የሩዝ ማብሰያ ተሸክማ ከከተማ ከተማ ተከትላኛለች፤ ስለዚህ ለእሷ ዜናው ይኸው ነው። ቼዝ አታውቅም። ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ እንኳን ዛሬም አታውቅም። እሷ የምታውቀው መብላቴንና አለመብላቴን ነው።

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ የቀጠረኝ በቼዝ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ እስካለሁ ድረስ በዓመት ሁለት ወር ብቻ ብገባ ማንም አይናገረኝም። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሲያከብሩኝ እፈራለሁ።

"ሲቫካሚ፣ እኔ በግሌ ባንቺ እኮራለሁ" አለ። ከዚያ ፋይሉን ገለጠ። ቡድኑ ውስጥ ካልገባሁ ከኦክቶበር 21 ጀምሮ ቲሩኔልቬሊ ቅርንጫፍ፣ የካሳ ክፍል፣ ሙሉ ቀን። የተጋጩ መኪናዎችን ፎቶግራፍ እያየሁ ልውል ነው። "ሥራ ነው እንግዲህ" አለና ደብዳቤውን ሰጠኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ቲሩኔልቬሊ በባቡር የአንድ ሌሊት መንገድ ነው፤ እሷ ደግሞ አባዬ የሞተበትን ቤት ትቼ የትም አልሄድም ባይ ናት። ከግጥሚያው በኋላ እነግራታለሁ። ምናልባት የምነግራት ነገር አይኖርም።

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ላፕቶፑ ላይ። አሠልጣኜ ኩማራቬል በየቀኑ አዲስ ፋይል ይልካል። በነጭ ስጫወት የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት እገፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሃያ ሁለተኛው እርምጃ ድረስ ሁሉም ተጠንቷል። እሷ ይህን ብትመልስ እኔ ይህን፣ ያን ብትመልስ እኔ ያን። "ሁለት አሠልጣኝ አላት፣ የኪራይ ኮምፒውተር አላት" ይለኛል በስልክ። "አንቺ ያለሽ እኔና የማስታወስ ችሎታሽ ነን።"

የማስታወስ ችሎታዬን ባያነሳው ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ትብሊሲ ላይ ለትልቁ የቼዝ ማዕረግ፣ ለግራንድማስተርነት፣ ግማሽ ነጥብ ሲቀረኝ፣ አሥራ ሰባተኛው እርምጃ ላይ፣ ጭንቅላቴ እንደታጠበ ሰሌዳ ባዶ ሆነ። የተጠናውን ነው የረሳሁት። ማሰብ እችል ነበር እኮ! አላሰብኩም። ለማስታወስ ስታገል ሰዓቴ አለቀ።

አባዬ በጨዋታ ዋዜማ ሰሌዳውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለእማዬ ይሰጣት ነበር። እኔን ምስር ያስለቅመኝ ነበር። የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ቼዝ የሚያሰላ ማሽን አልነበረም። ዛሬ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ጨዋታውን ከቤቱ ተሸንፎ ነው የሚወጣው።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

አክስቴ ሩክማኒ መጣች። እኔ ጓዳ ያለሁ አልመሰላትም። "ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ቫይዴሂ። እስከ መቼ እንጨት ስትገፋ ትኖራለች?" አለቻት እማዬን።

እማዬ ዝም አለች። ከዚያ "ያንቺ ልጅ ባንክ ቤት ወረቀት ይገፋ የለ?" ብላ እርጎ በሩዝ አቀረበችላት።

ሳቄን አፍኜ ቆየሁ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ከመመለሷ በፊት ዝም ብላ ነበር። ያ ዝምታ ምን ነበር?

ሴፕቴምበር 22፣ እሑድ

በኢንተርኔት የልምምድ ጨዋታ። ስድስት ተጫወትኩ፣ አራት ተሸነፍኩ። አራቱንም በሰዓት።

ፀጉሬ እየረገፈ ነው። ማበጠሪያውን ከእማዬ እደብቃለሁ።

ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ

ፋይል 31። ፋይል 32። ፋይል 33 የፋይል 31ን ስህተት የሚያርም ነው። ጥሎብኝ የማስታውሰው 31ን ነው።

እማዬ የምሳውን ሰሐን በጎኔ አስቀምጣ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ እንዳለ ነው። አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ደስ አላለኝም።

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

የናቫራትሪ በዓል ገባ። እማዬ የበዓሉን የእንጨት መደርደሪያ ደረጃዎች በነጭ ጨርቅ ሸፍና የአማልክቱን አሻንጉሊቶች ደረደረች። ከአሁን ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ቤቱ በሴትና በሕፃን ይሞላል፤ ሁሉም ተራ በተራ ይዘፍናሉ፣ ሁሉም የተቀቀለ ሽምብራ በኮኮናት ይበላሉ። እኔ በሩን ዘግቼ ጆሮዬን ደፍኛለሁ።

ጠዋት ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ለየቀኑ አንድ ቅጠል ያለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ታነባለች። የትናንቱን ቅጠል ትገነጥላለች፣ የዛሬውን መልካም ሰዓትና ክፉ ሰዓት ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ እንኳን የምትጥደው። በክፉ ሰዓት አዲስ ሳሙና አትከፍትም። እኔ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን ያንን ነገር አንብቤ አላውቅም፤ የእሷ ክፍል ነው።

"ግጥሚያሽ ሰኞ በስንት ሰዓት ይጀምራል?" አለችኝ።

"በአራት።"

ቅጠሎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፊቷን አጨፈገገች። "ይሁን" አለች።

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ተሸነፍኩ።

ጥቁር ነበርኩ። እስከ አሥራ ስድስት ድረስ ሁሉም ፋይል 28 ላይ እንዳለው ሄደ። አሥራ ሰባት ላይ ልጅቱ በፋይሉ ውስጥ የሌለ ወታደር ገፋች። አርባ አንድ ደቂቃ አሰብኩ። ውሸቴን ነው፤ አላሰብኩም፣ ፋይሉን ፈለግሁ።

ሻርቫሪ ስትጨርስ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "እትዬ፣ ስምንት ዓመቴ ላይ ፈርመሽልኛል፣ ታስታውሺያለሽ?" አለችኝ። አላስታወስኩም። አስታውሳለሁ አልኳት።

እማዬ በመስታወቱ በር በኩል ስታየኝ ነበር። መንገድ ላይ፣ ከኋላዬ ስኩተሩ ላይ ሆና፣ "ተረከዝሽ ከመሬት ተነስቶ ነበር" አለች።

"ምን?"

"ድሮ ስትጫወቺ ተረከዝሽ መሬት ይነካ ነበር። ዛሬ አራት ሰዓት ሙሉ በእግር ጣትሽ ነው የተቀመጥሽው።"

እኔ የምሸነፈው በተረከዜ አይደለም አልኳት። በጣም ጮኼ ሳልናገራት አልቀረሁም፤ ቀይ መብራት ላይ ሰው ዞሮ አየን።

ኦክቶበር 8፣ ማክሰኞ

አቻ። በነጭ ሆኜ። ፈርቼ ነው፤ አቻ እንውጣ ስትለኝ እጇን የቀማኋት ያህል ነው።

መጸዳጃ ቤት ሆኜ የሻርቫሪ አሠልጣኝ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "ጭንቀት የለም። እትዬዋን ካጠናችው ማውጣት ብቻ ነው። ያጠናችው ሲያልቅ እሷም ታልቃለች።"

እስኪሄድ ጠብቄ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። እማዬ ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሻርቫሪ አባት ጋር ሻይ ትጠጣለች። ስለ ጉልበት ሕመም ነበር የሚያወሩት።

ማታ እራት ላይ እማዬ ድንገት፣ "ያጠናሽው ሲያልቅ ምን ትሆኛለሽ?" አለችኝ። ይህን ደግሞ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ወደ ፋይሌ ተመለስኩ።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

አሸነፍኩ! አንድ ተኩል ለአንድ ተኩል።

አሸነፍኩ ማለት ይከብዳል። እሷ ግንቧን በስህተት ጣለችልኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እሷም ይደክማታል። ሰዓቴ ላይ ዘጠኝ ሰከንድ ነበር የቀረው።

ነገ አዳራሹ ዝግ ነው፤ ሰው ሁሉ የሥራ ዕቃውን የሚያስባርክበት የመሣሪያ በዓል ነው። ቅዳሜ በአራት ሰዓት የመጨረሻው፣ በነጭ። ማሸነፍ አለብኝ፤ አቻ ማለት ቲሩኔልቬሊ ማለት ነው። ኩማራቬል ነገ ቀኑን ሙሉ ሃያ ሁለቱንም እርምጃ እንከልሳለን ብሏል። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ አዲስ ነገር አግኝቷል። ነገ ነው ሁሉም ነገር።

እማዬ የካሳ ክፍሉን ደብዳቤ ሳታየው አልቀረችም። ቦርሳዬ ውስጥ የታጠፈበት እጥፋት ተቀይሯል። 

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

በእማዬ የዓይን ኩል ነው የምጽፈው፣ በመቁጠሪያ ቅጠል ጀርባ። ደብተሬም ብዕሮቼም የዕውቀት አምላኳ የሣራስዋቲ ሥዕል ፊት ናቸው።

ሁሉንም ነገር ገላዬን ስታጠብ አነሳችው። ላፕቶፑን፣ ሰሌዳውን፣ የዝግጅት ደብተሬን፣ ስልኬን። አንድ ላይ ደርድራ፣ በላያቸው የጃስሚን አበባ፣ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ሦስት የሰንደል ቅባት ነጠብጣብና ቀይ ምልክት። ከጎናቸው የእሷ መቀስና የኮኮናት መፋቂያ።

"እማዬ፣ ነገ ጨዋታ አለብኝ!"

"ዛሬ መሣሪያ አይነካም። ታውቂያለሽ።"

"በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር የምታስቀምጪው!"

"በየዓመቱ መሣሪያሽ መጽሐፍ ነበር።"

ነገ በማለዳ አነሳዋለሁ አልኩ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ መልካሙ ሰዓት የሚገባው አራት ተኩል ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ክፉ ሰዓት ነው አለችኝ። ጨዋታው በአራት ነው እኮ! "ጨዋታውን በክፉ ሰዓት ያደረገው ፌዴሬሽኑ ነው፤ ጣጣው የእነሱ። የቤቴን ግን እኔ አውቃለሁ።"

አለቀስኩ። በሠላሳ አራት ዓመቴ። አንስቼ ልወስደው እጄን ዘረጋሁ፤ አልቻልኩም። አላምንበትም እላለሁ፣ እጄ ግን አልሄደም።

ኩማራቬል ስልኬ አልመልስ ሲለው በሞተር ሳይክል መጣ። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ነበር። እማዬ አስቀመጠችው፣ ሽምብራና የሩዝ ፈንዲሻ ሰጠችው፣ ግንባሩን ሰንደል ቀባችው። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሄዷል።

"ፍላሹስ?"

"አስቀመጥኩት" አለችኝ በአገጯ ወደ ሣራስዋቲ እያመለከተች።

በኋላ

ስኩተሩን አጠብን። ሙዝ ቅጠል አሰርንለት። ሁለት ኪሎ ምስር አመጣችልኝና ልቀሚ አለች። ለቀምኩ። የጎረቤት ልጆች መጥተው ዘፈኑ፣ አንዷ ግጥሙ ጠፋባትና የራሷን ጨምራ ቀጠለች፤ ማንም ልብ አላለም። ምሳ ሁለቴ በላሁ። መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ተኝቼ ነበር፤ በቀን።

የግድግዳው መቁጠሪያ ከአሁኑ 13 ይላል። እማዬ በጥድፊያ ሁለት ቅጠል ገንጥላለች መሰለኝ፤ ይቺን የምጽፍባትን፣ የነገዋን፣ ከሩዝ ቆርቆሮው ሥር ታጥፋ አገኘኋት። ኩሉ እያለቀ ነው

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ደብተሬ ተመልሶልኛል፤ ሰንደል ሰንደል ይሸታል። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። እማዬ ክፉ ዓይን እንዳይነካን ከስኩተሩ ጎማ ሥር ሁለት ሎሚ አድርጋ ነበር፤ ጨፍልቀናቸው ሄድን። ላፕቶፑ ሣራስዋቲ ፊት እንዳለ ቀረ። ብዕር እንኳን ስላልነበረኝ ከዳኛው ተዋስኩ።

የአዳራሹ ጠባቂ ትናንት የቼዝ ሰዓቶቹን ሁሉ ሲባርክ ውሏል። የእኛ ሰዓት ግንባሩ ላይ ሰንደልና ቀይ ነጥብ አለው። ሻርቫሪ በመሐረቧ ልትጠርገው ስትል ዳኛው፣ የዴልሂ ሰው ነው፣ "ተዪው ልጄ፣ እኔ ከዚህ ከተማ በሰላም መውጣት እፈልጋለሁ" አላት። ሁለታችንም ሳቅን። ከእሷ ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰዓቱ ሄደ። የንጉሡን ወታደር ለመግፋት እጄን አነሳሁ። ሃያ ሁለቱን እርምጃ ለማየት ሞከርኩ፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ኩማራቬል ያገኘው ምንድን ነበር? አላውቅም። ላውቀውም አልችልም፤ ፍላሹ ከኮኮናት መፋቂያው አጠገብ ነው። ይህን ሳስብ የሆነ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ልፈልገው የምችለው ነገር አልነበረማ።

እጄን ወደ ግራ መለስኩና ፈረሱን አወጣሁ። ቀስ ብሎ የሚጀምረው የአባዬ አካሄድ፤ አሥራ አምስት ዓመት ተጫውቼው አላውቅም።

ሻርቫሪ ቀና ብላ አየችኝ። አራተኛው እርምጃ ላይ ሃያ ሰባት ደቂቃ አሰበች። ያጠናችው እሷም አልቆባት ነበር፤ በአራተኛው።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ቼዝ ተጫወትን። እኔ አሰብኩ፣ እሷም አሰበች። ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ተሳሳትኩ ብዬ አልሞትኩም። አርባኛው ላይ አንድ ወታደር በለጥኳት። ስልሳ አንደኛው ላይ ሰዓቱን አቆመችና እጇን ዘረጋች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከእኔ ሰዓት ላይ አሥራ አራት ደቂቃ ይቀር ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰዓት ተርፎኝ ጨርሼ አላውቅም።

"እትዬ፣ ይህን ከየት አመጣሽው? ፋይል ውስጥ የለም" አለችኝ።

"ከባቡር ጣቢያ" አልኳት። ግራ ገባት። ናግፑር ስትደርስ እንድትደውልልኝና እንደማሳያት ነገርኳት። የሚቀጥለው ዓመት ወንበር የእሷ ነው፣ አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን የኔ ነው። የኔ ነው!

እማዬ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ነበር። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችኝም። "መሬት ነክቷል" አለችና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

ቤት ስንገባ ላፕቶፑን አንስታ ሰጠችኝ። ክዳኑን አልከፈትኩትም። ቲሩኔልቬሊ የሚባል ነገር ነበረ ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ "እዚያ ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም አሉ" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ

እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ።

ዓርብ የጻፍኩበትን ቅጠል ደብተሬ ላይ ልለጥፈው ጣቴን ሙጫ ነከርኩ። ኩሉ እንዳይጠፋ ሙጫውን በሌላው ፊት ልቀባ ገለበጥኩት፤ ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመቁጠሪያ ቅጠል ፊቱን አነበብኩ። ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ። መልካም ሰዓት፦ ከጠዋቱ 1፡45 እስከ 2፡45።

ሦስቴ አነበብኩት። ከቤት የወጣነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ላፕቶፑን የማነሳበት አንድ ሙሉ ሰዓት ነበረኝ።

በክፉ ሰዓት ሳሙና የማትከፍት ሴት! በሣራስዋቲ በዓል፣ ሣራስዋቲ እየሰማች!

ቅጠሉን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሩዝ ትዘፈዝፋለች። ሙጫው እጄ ላይ እየደረቀ ነው።

"እማዬ፣ አባዬ የሰሌዳውን ሳጥን ሲቆልፍ ቁልፉን የት ነበር የምታስቀምጪው?"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ወደ እኔ አልዞረችም።

"ሩዝ ቆርቆሮው ሥር" አለች። ከዚያ፣ "ብዪ፣ ቁርስሽን ብዪ። ይበርዳል።"

ቁጭ ብዬ በላሁ። ሁለት ኢድሊ፣ የሩዝ ዳቦዋን፣ ጨመረችልኝ፣ እነሱንም በላሁ።